የቋንቋ ትምህርት ቤት ስትመርጡ ማጥኛ ክፍሉን ታያላችሁ? (ቶኪዮ)

ሳሪስ_አቦ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ የምወጣ ነኝ፤ ዛሬ ቸግሮኝ ነው የጻፍኩት።

ለሚቀጥለው ኤፕሪል ቶኪዮ ውስጥ ሁለት የጃፓንኛ ትምህርት ቤቶች ተቀብለውኛል። ክፍያቸው ያው በያው ነው። አንደኛው ብሮሹሩ ላይ የሚያምር ማጥኛ ክፍል አለው። ነጭ ጠረጴዛ፣ በየወንበሩ ሶኬት፣ ጥግ ላይ አበባ። ሌላኛው አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ስለ ማጥኛ ቦታ የጻፈው አንዲት መስመር ብቻ ናት። እናቴ ብሮሹሩን ገለጥ ገለጥ አድርጋ "ትምህርት ቤት ማለት ይሄ ነው" ብላ ፈርዳለች።

እኔ ቤት ውስጥ ማጥናት አይሆንልኝም። አልጋ ካየሁ አለቀልኝ። ስድስት ኪሎ እያለሁ ኬኔዲ ላይብረሪ በጠዋት ደብተር አስቀምጬ፣ ወንበር ይዤ ቁርስ የምሄድ ሰው ነበርኩ። ማደሪያው ደግሞ ለሁለት ሰው የሚሆን ጠባብ ክፍል ነው ብለውኛል። ማጥኛ ክፍሉ ይህን ያህል ዋጋ አለው? ወይስ ለፎቶ ነው? እዛ ያላችሁ እስኪ ንገሩኝ።

ካንጂ_ገደለኝ

እህቴ፣ እኔም የአበባውን ፎቶ አይቼ ነው የመጣሁት። አበባው አለ። ፕላስቲክ ነው።

ከመጣሁ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማጥኛ ክፍሉን እዚህ ጂሹሺትሱ ይሉታል። የኛ ጂሹሺትሱ አሥር ወንበር አለው። ተማሪው ከመቶ ሃምሳ ይበልጣል። ማይክሮዌቩንም እዛው ነው ያስቀመጡት። ምሳ ሰዓት ላይ ግማሹ ኑድል ይበላል፣ ግማሹ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፣ አንዱ ጥግ ላይ ተደፍቶ ይተኛል። ይሄን ሁሉ አልፈሽ ካንጂ (ከቻይና የመጣውን የጃፓን ጽሕፈት) ልትጽፊ ስትቀመጪ ቁልፍ የያዘች ሴትዮ መጥታ በሩ ላይ ትቆማለች። ምንም አትልም፤ ቁልፉን ብቻ ታንቀጫቅጫለች። በ11 ሰዓት ይዘጋል።

ሳሪስ_አቦ

በየትኛው 11 ሰዓት? በኛ ነው በነሱ?

ካንጂ_ገደለኝ

ሃሃሃ። በኛ። በነሱ 17፡00። አሁን ከቤት ጋር ስልክ ሳወራ ስለነበር ነው።

ዮትሱጊ_ሰፈር

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ በመጀመሪያ። ሁለት ትምህርት ቤት መቀበሉ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ያኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤትም ማጥኛ ክፍል ነበረው፤ ፎቶ ኮፒ ማሽን የቆመበት። ነገሩ ከአንድ ትምህርት ቤት ክፋት አይደለም። አሠራሩ ነው እንደዚህ የሚያደርገው። ላስረዳሽ።

እዚህ አብዛኛው የቋንቋ ትምህርት ቤት በፈረቃ ነው የሚያስተምረው። ፈረቃ ምን እንደሆነ ለኛ አገር ልጅ መቼም አይነገርም። ግማሹ ጠዋት ይገባል፤ በነሱ ከ9፡00 እስከ 12፡30 አካባቢ። ሌላው ከምሳ በኋላ ገብቶ ወደ 17፡00 ገደማ ይወጣል። በደንቡ አንድ ክፍል ውስጥ ከ20 ተማሪ በላይ አይቀመጥም። የክፍሉ ስፋትም ለአንድ ተማሪ ቢያንስ 1.5 ካሬ ሜትር ነው። ግን ልብ በይ፤ የሚቆጠረው በአንድ ጊዜ ለሚማሩት ነው። ስለዚህ በሁለት ፈረቃ ሲሆን ያው ሕንፃ እጥፍ ተማሪ ይይዛል። መሬት እንደ ወርቅ በሆነበት ከተማ ማንም እንደዚህ ነው የሚያሰላው።

ውጤቱ ምንድነው? አንቺ ጠዋት ተምረሽ ስትጨርሺ "ክፍሌ ውስጥ ልቀመጥና ላጥና" ብትዪ ወንበርሽ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ከሰዓት ብትሆኚ ደግሞ ስትጨርሺ ሕንፃው ይዘጋል። ትምህርቱ ራሱ በሳምንት 20 ክፍለ ጊዜ ነው፤ አንዱ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ። ቁጭ ብለሽ ብታስቢው በሳምንት 15 ሰዓት ማለት ነው። የቀረው ሁሉ በራስሽ ነው። ያ የቀረው ሰዓት የት ያልፋል የሚለው ነው ዋናው ነገር። ብሮሹሩ እሱን አያሳይም።

ሳሪስ_አቦ

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። ፈረቃውን ማንም አልነገረኝም። የጠዋት ይሻላል የከሰዓት?

ዮትሱጊ_ሰፈር

ብዙ ጊዜ ምርጫው ያንቺ አይደለም። በደረጃ ነው የሚመድቡት። ጀማሪዎቹን ከሰዓት፣ ቻል ያሉትን ጠዋት የሚያደርግ አለ፤ ተቃራኒውን የሚያደርግም አለ። ብቻ ጠይቂ።

ቤንቶ_ሌሊት

እኔ አንድ ነገር ልጨምር። የሚያስፈልገን ማጥኛ ክፍል አይደለም፤ መተኛ ክፍል ነው።

ከምር ነው። የተማሪ ቪዛ ይዘሽ በሳምንት 28 ሰዓት ነው መሥራት የምትችይው፤ እሱም ፈቃድ አውጥተሽ። ትምህርት ቤቱ ረጅም እረፍት ሲዘጋ በቀን እስከ 8 ሰዓት ይፈቀዳል። እኔ ቤንቶ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ነኝ። የታሸገ ምሳ ላይ ካሮት የማስቀምጥ ሰውዬ እኔ ነኝ። አንዷ የሩዝ ዕቃ ስታልፍ አንዲት ካሮት። ሌሊቱን ሙሉ። ጠዋት ከዛ ወጥቼ ክፍል እገባለሁ። ከክፍል ስወጣ "ጂሹሺትሱ ክፍት ነው" ቢሉኝ ምን ይጠቅመኛል? እግሬ ራሱ ወደ ቤት ነው የሚሄደው።

የኔ ማጥኛ ክፍል ባቡር ነው። 100 የን ሱቅ ገብተሽ በቀለበት የታሰሩ ትናንሽ ካርዶች ግዢ፤ ከነታክሱ 110 የን። ፊት ለፊቱ ካንጂ፣ ጀርባው ንባቡና ትርጉሙ። እኔ ትርጉሙን በአማርኛ ነው የምጽፈው። ጎኔ የቆመው ጃፓናዊ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ደስ ይለኛል። እሱ የኔን ካንጂ ያነባል፤ የኔን ፊደል አያነብም። ቢያንስ እዛ ላይ እኩል ነን።

ካንጂ_ገደለኝ

ካሮቷ ያንተ ናት? ሁልጊዜ ጠማማ ናት ወንድሜ።

ቤንቶ_ሌሊት

በ28 ሰዓት ገደብ ውስጥ የምትቀናው ይቺን ያህል ናት።

ፉኩኦካ_ነኝ

እኔ ትንሽ ልቃወም።

ሁላችሁም ስለ ወንበርና ስለ ሰዓት ነው የምታወሩት። እኔ የተማርኩት ፉኩኦካ ነው። ትምህርት ቤታችን ትንሽ ነበር፤ ማጥኛ ክፍሉም ከመምህራን ክፍል ጋር በአንድ በር ይገናኝ ነበር። ያ በር ነው ያስተማረኝ። በየቀኑ አንድ መምህር ተራ ይዞ ይቆያል። ድርሰቴን ይዤ እገባለሁ፤ ሻዩን እየጠጣ በቀይ እስክሪብቶ ያርመዋል። "ዋ" እና "ጋ" የሚባሉትን ትንንሽ ቃላት ልዩነት በክፍል ውስጥ ሦስት ወር ሰምቼ አልገባኝም። እዛ በር ላይ ቆሜ በአሥር ደቂቃ ገባኝ። ላይብረሪ ሄደሽ ይሄን ከማን ታገኛለሽ?

ሌላም አለ። ክፍሌ ውስጥ የኔፓል፣ የቬትናም፣ የስሪላንካ ልጆች ነበሩ። የጋራ ቋንቋችን ያው የተሰባበረ ጃፓንኛችን ብቻ ነው። ማጥኛ ክፍል ውስጥ "ይሄ እንዴት ነው?" ስትባባሉ ሳይታወቃችሁ ቋንቋውን ትናገሩታላችሁ። ማደሪያ ገብቶ በየቋንቋው ስልክ የሚያወራ ሰው ይሄን አያገኝም።

ስለዚህ ሳሪስዬ፣ ስንት ወንበር አለ ብለሽ ብቻ አትጠይቂ። መምህር አለ ወይ በይ።

ዮትሱጊ_ሰፈር

ይሄ እውነት ነው። ተቀብያለሁ። እኔ ስማር እንደዚህ ዓይነት በር አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ አሁንም "ዋ"ን በግምት ባላስገባሁ።

ሳሪስ_አቦ

ታዲያ ላይብረሪስ? ከተማው ውስጥ ላይብረሪ በሽ ነው ሲሉ እሰማለሁ። እኛ ውጭ ዜጎች መግባት እንችላለን?

ዮትሱጊ_ሰፈር

ያውም በነፃ። ቶኪዮ 23 ክፍለ ከተማ አላት፤ ኩ ይባላሉ። እያንዳንዱ ኩ የራሱ ላይብረሪዎች አሉት። የመኖሪያ ካርድሽ ላይ አድራሻሽ ከተጻፈ ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ እዛው ካርድ ያወጡልሻል። ከዛ መጽሐፍ ተውሰሽ ቤት መውሰድ ትችያለሽ። የፈተና መጽሐፎችም፣ ለውጭ ዜጋ በቀላል ጃፓንኛ የተጻፉ ተረቶችም በብዙዎቹ አሉ።

እኔ የምኖረው ካትሱሺካ ነው። ዮትሱጊ አካባቢ የኛ ሰው በርከት ብሎ እንደሚኖር ሰምተሽ ይሆናል፤ የሐበሻ ምግብ ቤትም አለን። የኩው ዋና ላይብረሪ ካናማቺ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ጠዋት ከመከፈቱ በፊት ብትሄጂ በሩ ላይ ሰልፍ ታያለሽ። ተማሪ እንዳይመስልሽ። ጡረታ የወጡ አባቶች ናቸው። ጋዜጣ ለማንበብ ነው የሚሰለፉት፤ ሁሉም የየራሱ ጋዜጣና የየራሱ ወንበር አለው።

አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከየት ነህ አሉኝ። "ኢትዮጵያ" አልኳቸው። ጋዜጣቸውን አጠፉት። "አበበ!" አሉ፤ ላይብረሪ ውስጥ፤ ጮክ ብለው። በ1964 ልጅ ሆነው መንገድ ዳር ቆመው አይተውታል። ኮሹ ካይዶ የሚባለው መንገድ ላይ። ሠራተኛዋ መጥታ ሁለታችንንም ዝም በሉ አለችን። ከዛ በኋላ ባዩኝ ቁጥር ብድግ ብለው ይሰግዱልኛል፤ እኔም እሰግዳለሁ፤ ሮጬ ግን አላውቅም።

ተጠራጣሪው

ላይብረሪውን እንዲህ አታሳምሩት። ሁሉም ላይብረሪ የራስሽን መጽሐፍ ይዘሽ እንድታጠኚ አይፈቅድም። ወንበሩ የላይብረሪውን መጽሐፍ ለሚያነብ ነው የሚል ማስታወቂያ የለጠፉ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ማሽን ላይ ካርድሽን አስነክተሽ የወንበር ቁጥር ያወጡልሻል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ትነሻለሽ። በፈተና ሰሞን የሃይስኩል ተማሪ ሁሉንም ይይዘዋል። ሰኞ ደግሞ ብዙዎቹ ዝግ ናቸው።

እና ደብተር አስቀምጦ ቁርስ መሄድ የለም። ማንም አይሰርቅሽም፤ እሱን እርሺው። ስትመለሺ ግን ደብተርሽ ላይ ወረቀት ተቀምጦ ታገኚዋለሽ። "ለረጅም ጊዜ ከወንበርዎ ተነስተዋል።" በጣም በትሕትና። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ የሚያሰኝ ትሕትና ነው።

ሳሪስ_አቦ

ይሄ ስለ እኔ የተጻፈ ነው ማለት ነው።

ካንጂ_ገደለኝ

ሂሮ የሚባል ሰፈር አሪሱጋዋ ፓርክ ውስጥ የቶኪዮ ዋናው ላይብረሪ አለ፤ የኩ ሳይሆን የከተማ መስተዳድሩ ነው። መጽሐፍ አያውስም። ደስ የሚለው እሱ ነው። የምትፈልጊው መዝገበ ቃላት ሁልጊዜ መደርደሪያው ላይ አለ፤ ተውሶ የሄደበት ሰው የለም። በመስኮቱ ዛፍ ይታያል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ለባቡር ከፍዬ እሄዳለሁ። የባቡሩ ዋጋ ያሳቅቀኛል፤ ስለከፈልኩ ግን አልተኛም።

ፉኩኦካ_ነኝ

ፉኩኦካ ላላችሁ፣ ሞሞቺሃማ ያለው የከተማው ላይብረሪ ይሻላል። ባሕሩም ቅርብ ነው። ሲሰለቻችሁ ወጣ ብላችሁ አሸዋው ላይ ትቀመጣላችሁ። ቶኪዮ ላሉት ለማስቀናት ነው የጻፍኩት።

ቤንቶ_ሌሊት

በገንዘብ የሚከራይ ማጥኛ ክፍልም አለ። በወር ትከፍላለሽ፣ ቁልፍ ይሰጥሽና ከጋርዶሽ ጀርባ ትቀመጫለሽ። ዝምታው የመቃብር ነው። ወደ 10 ሺህ የን ገደማ ያለውን አይቻለሁ። በኔ ደሞዝ የብዙ ሰዓት የካሮት ሥራ ማለት ነው። አስቢበት።

ርካሹ ፋሚሬሱ ነው፤ የቤተሰብ ምግብ ቤት እንደማለት። ጥቂት መቶ የን ከፍለሽ ቡናውን፣ ሻዩን፣ ጁሱን እየደጋገምሽ ትቀጂያለሽ። አንዳንዱ ቦታ ግን "ማጥናት ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አለ። መጀመሪያ ወረቀቱን አንብቢ። ወረቀቱን ማንበብ ካልቻልሽ ማጥናት ያስፈልግሻል ማለት ነው፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ካንጂ_ገደለኝ

አንድ ሰው ያላነሳው ነገር አለ። ድምፅ።

ሁሉም የምትሏቸው ቦታዎች ዝም የሚባልባቸው ናቸው። ቋንቋ ደግሞ በዝምታ አይለመድም። ጄኤልፒቲ የሚባለውን የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና እንመልከት። መናገር የለውም፤ ማዳመጥ ግን አለው። ኤን2 የሚባለው ደረጃ (ኤን5 ዝቅተኛው፣ ኤን1 ከፍተኛው ነው) ከ180 ነው፤ ከዛ ውስጥ ማዳመጡ 60 ይይዛል። ማለፊያው 90 ነው፤ ግን በየክፍሉ ደግሞ ቢያንስ 19 ማምጣት አለብሽ። ጓደኛዬ በድምር ከ100 በላይ አምጥቶ ማዳመጥ 17 ሆነበትና ወደቀ። ወረቀቱን ሲያሳየኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጁ ከላይብረሪ አይወጣም ነበር። ችግሩም እሱ ነው መሰለኝ።

ማዳመጥ የሚሻሻለው የሰማሽውን ተከትለሽ ጮክ ብለሽ ስትደግሚ ነው፤ ሻዶዊንግ ይሉታል። ማደሪያው ግድግዳው ካርቶን ነው፤ ጎረቤትሽ ሲያስነጥስ "ይማርህ" ትያለሽ። ላይብረሪ አይቻልም። ጂሹሺትሱም አይቻልም። ታዲያ የት?

ዮትሱጊ_ሰፈር

ወንዝ ዳር። አራካዋ።

ስንት የኛ ልጅ እዛ ግድቡ ላይ እየተመላለሰ ሲለፈልፍ አይቻለሁ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ። ጃፓኖቹም እዛው ጥሩምባ ይለማመዳሉ፣ ንግግር ይለማመዳሉ፣ ማንም ማንንም አያይም። ማታ ሳይክል ብቻ ተጠንቀቁ።

ፉኩኦካ_ነኝ

ካራኦኬም አለ። በሥራ ቀን፣ ቀን ላይ በጣም ርካሽ ነው። ብቻሽን ክፍል ይዘሽ ትገቢያለሽ። ማይኩን ይዤ የኤን3 ማዳመጫ ንግግር ደግሜያለሁ እኔ። "ሴትዮዋ ቀጥሎ ምን ታደርጋለች?" እያልኩ በኤኮ። መጨረሻ ላይ አንድ የጥላሁን ዘፈን በልቤ እያለሁ፤ አላስችል ብሎኝ እሱንም በድምፅ።

ተጠራጣሪው

እኔ የምለው፣ ለምን እዛው አዲስ አበባ ሆናችሁ አትጀምሩም? ሁለቱን ካና፣ ማለትም የጃፓንኛን የድምፅ ፊደላት፣ ይዛችሁ ኑ። ሂራጋና 46፣ ካታካና 46 ነው። 231 ፊደል በልጅነቱ የቆጠረ ሰው ይሄ አያስፈራውም። ሀሁ ያለ ሰው "ካ ኪ ኩ ኬ ኮ" ሲሉት ይስቃል። ግሱም እንደኛ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚደናበርበት ነገር ለኛ የእናት ቤት ነው።

ካንጂ ግን ሌላ ዓለም ነው። ለዕለት ተዕለት የተወሰኑት 2,136 ናቸው። ክፍል ውስጥ የቻይና ልጆች አሉ። እነሱ ጽሑፉን ሲያዩ ትርጉሙን ያውቁታል፤ የቀራቸው ንባቡ ነው። እኛ ግን ከዜሮ ነን። የአንድ ሰዓት የቤት ሥራ ለእነሱ አንድ ሰዓት ነው፤ ለኛ ሦስት ነው። ስለዚህ ማጥኛ ቦታ ለኛ ነው ቅንጦት ያልሆነው። እዚህ ላይ ከሳሪስ እናት ጋር እስማማለሁ።

ሳሪስ_አቦ

እናቴ ይሄን አነበብኩላትና "አየሽ!" አለች። ስምህን ግን አልወደደችውም።

አንድ ጥያቄ ብቻ። ለሁለቱም ትምህርት ቤት ኢሜይል ልጽፍ ነው። ምን ብዬ ልጠይቅ? እንዳልሰደብባቸው።

ዮትሱጊ_ሰፈር

አትሰደቢም። እንደውም ይወዱታል። ማጥኛ ክፍሉ ለጠዋት ተማሪ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው በይ፤ ለከሰዓት ተማሪስ? ቅዳሜስ? በዕረፍት ጊዜስ? ኦገስት ላይ የሚዘጋ ከሆነ ማደሪያሽ ውስጥ በሙቀት ትቀቀያለሽና። መብላት ይፈቀዳል ወይ በይ፤ ከተፈቀደ የምግብ ክፍል ነው ማለት ነው። የፉኩኦካዋ ልጅ ያለችውንም አትርሺ፤ መምህር ይቀመጣል ወይ።

ከማደሪያሽ ደግሞ በእግር የሚደረስ ላይብረሪ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። አድራሻውን ከሰጡሽ ካርታው ላይ ራስሽ እዪው።

አወያይ

ጥሩ ክር ነው፤ ቀጥሉ። ብቻ የትምህርት ቤቶቹን ስም እዚህ እንዳትጽፉ። በግል መጠያየቅ ትችላላችሁ።

ሳሪስ_አቦ

መልስ መጣ! ሁለቱም በሦስት ቀን ውስጥ መለሱ።

ባለ አበባው፦ ማጥኛ ክፍሉ ትምህርት ባለበት ቀን ብቻ ነው የሚከፈተው። 24 ወንበር። በነሱ ከ12፡30 እስከ 17፡00። የከሰዓት ተማሪ ከሆንኩ በዛ ሰዓት ክፍል ነኝ። ከትምህርት በፊት መጠቀም እችላለሁ ወይ ብዬ ደግሜ ስጠይቅ ጠዋት ለስብሰባ ይውላል አሉኝ።

አሮጌው ፎቅ፦ 8 ወንበር፤ እስከ 18፡30፤ ከመምህራን ክፍል ጎን። መብላት ክልክል ነው። ከስር ደግሞ በእጅ የተሳለ ካርታ ስካን አድርገው ልከዋል። ማደሪያው፣ አንድ ድልድይ፣ ኮምቢኒ (የሰፈር ትንሽ ሱቅ)፣ ከዛ የኩው ላይብረሪ። ከማደሪያው በእግር 7 ደቂቃ። ድልድዩ ላይ ትንሽ ድመት ተስላለች፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ፉኩኦካ_ነኝ

ድመቷ እዛ የምትኖር ድመት ናት። ሴክሬታሪዋ በየቀኑ ታያታለች ማለት ነው። ሂጂ፤ አሮጌው ፎቅ ሂጂ።

ቤንቶ_ሌሊት

8 ወንበር ትንሽ ነው። ግን መብላት ከተከለከለ ግማሹ ሰው አይመጣም።

ሳሪስ_አቦ

(ከብዙ ወራት በኋላ)

ይሄን ክር ፈልጌ አገኘሁት። አሮጌው ፎቅ ነው የመጣሁት። ድመቷ አለች።

ከሰዓት ነው የተመደብኩት። ጠዋት ላይብረሪ እሄዳለሁ፤ ከአባቶቹ ጋር እሰለፋለሁ። አሁን ቦታዬን ያውቁታል፤ ሦስተኛ ነኝ። ማታ ከክፍል ወጥቼ እስኪዘጋ ጂሹሺትሱ እቀመጣለሁ። መምህሯ እያረመችልኝ ሻይ ትሰጠኛለች። ሻዩ ስኳር የለውም፤ እሱን ብቻ አልለመድኩም። በጁላይ ኤን5 ተፈትኜ አልፌያለሁ። ዲሴምበር ላይ ኤን4 ልሞክር ነው።

የእናቴ ብሮሹር አሁንም ቡፌው ላይ ነው ያለው። እንግዳ ሲመጣ "ልጄ እዚህ ነው የምትማረው" እያለች ታሳያለች። ዝም ብያታለሁ።

እና አዎ፣ ወረቀቱ ደርሶኛል። ደብተሬን አስቀምጬ ኮምቢኒ ኦኒጊሪ (የተጠቀለለ ሩዝ) ልገዛ ወጣሁ። ሃያ አምስት ደቂቃ። ስመለስ ደብተሬ ላይ ቀጥ ተደርጎ ተቀምጧል። ከዛ ሁሉ ጽሑፍ ሦስት ካንጂ አነበብኩ። "ወንበር"፣ "ረጅም"፣ "ሰዓት"። ወረቀቱን አልጣልኩትም፤ ከካርዶቼ ጋር በቀለበቱ አስሬዋለሁ።

ጥያቄ አለኝ። ላይብረሪው ሰኞ ዝግ ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከቀትር በፊት አያስገባም። ሰኞ ጠዋት የት ነው የምትሄዱት?

ዮትሱጊ_ሰፈር

ወንዝ ዳር። ኖቬምበር ነው፤ ጃኬት ልበሺ።